ከቆርቆሮው ላይ ያውርዱት፦ የክረምትን ዝናብ ከቤት ስለ መመዝገብ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ገመድ አልባ የአየር ሁኔታ መለኪያ ላከችልኝ። ዝናብ፣ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ነፋስና የአየር ግፊት ይለካል። ከቤቱ ቆርቆሮ በላይ ብረት አቁሜ ሰቀልሁት። ግን ነገሩ ግራ አጋባኝ። የዝናቡ ቁጥር ከከተማው ጣቢያ ቁጥር ሁልጊዜ ያንሳል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እነሱ የመዘገቡት ዝናብ እኔ ጋ በማግስቱ ይመጣል። ሐምሌ ላይ ሙቀቱን 33 ብሎኛል። ስክሪኑ ላይ ፀሐይ ሥሎ ውጭ ዶፍ ይወርዳል። ዘንድሮ ክረምቱን ከነተማሪዎቼ በሥርዓት መመዝገብ እፈልጋለሁ። ዕቃው ተበላሽቶ ነው? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ ዕቃው ደኅና ይመስለኛል። ከነገሩኝ አራት ችግሮች ሁለቱ የቦታ ናቸው። አንዱ የሰዓት ነው። አንዱ ደግሞ ዕቃው ለሌላ አገር ታስቦ የመሠራቱ ጣጣ ነው። ሁሉም መላ አላቸው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ጎጃም ላይ ክረምትን እመዘግባለሁ ያለ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዝናቡን ይያዝ። ሙቀቱም ነፋሱም ይደርሳል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሳይቋረጥ የተነበበ የአንድ ክረምት የዝናብ ደብተር፣ አምስት ነገር እየለካ በየሳምንቱ ባትሪው ከሚያልቅ ማሽን ይበልጥብኛል። እንደዚህ ያለ ደብተር ባለሙያም ቢያየው ይጠቀምበታል። የተቆራረጠውን ግን ባለቤቱም አይመለስበትም።

እንግዲህ መጀመሪያ መለኪያውን ከጣሪያ ያውርዱት። ጣሪያ ላይ ነፋስ ይፈጥናል። ጠብታው በመለኪያው አፍ ላይ አግድም ተገፍቶ ያልፋል፤ ወደ ውስጥ አይገባም። የእኛን አገር ወጨፎ ለእርስዎ አላስረዳም፤ በረንዳ ላይ ቆሞ የበሰበሰ ሁሉ ያውቀዋል። ከጣቢያው የሚያንሱበት ዋናው ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ግቢ ውስጥ ገላጣ ቦታ ይፈልጉ። ደንቡ ቀላል ነው። ከቤት፣ ከአጥርና ከዛፍ ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ መራቅ ነው። አጥሩ 2 ሜትር ከሆነ 4 ሜትር ይራቁ፤ ቤቱ 4 ሜትር ከሆነ 8። አስቸጋሪው ባህር ዛፍ ነው። ለ20 ሜትር ባህር ዛፍ 40 ሜትር ልራቅ ቢሉ የከተማ ግቢ አይበቃዎትም። ያኔ የተቻለውን ያድርጉና ዛፉ በየት በኩል እንዳለ፣ በስንት ሜትር እንደሚርቅ ደብተሩ ላይ ይጻፉ። የመለኪያው አፍ ከመሬት ወደ 1 ሜትር ከፍ ይበል። ዝቅ ካለ ከመሬት የሚፈናጠረው ውሃ ይገባበታል። አፉ ዝንፍ እንዳይል በውሃ ልክ ያረጋግጡ።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሰፊ ስለሆነ ያጓጓል። ግን አስቡት፤ ክረምት ማለት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ነሐሴ ላይ፣ በጭቃው፣ በየጠዋቱ ማን ሄዶ ያነባል? ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለዎት ቤትዎ ይሻላል። ቅርብ ያሉ ተማሪዎች በተራ እየመጡ ያንብቡ።

አሁን ወደ ማሽኑ ሆድ እንግባ። አብዛኞቹ የቤት መለኪያዎች ውስጣቸው ሁለት ትንንሽ ጽዋዎች አሏቸው። አንዱ ሲሞላ ያዘነብላል፣ ይደፋል፣ ሌላው ይተካዋል። ስክሪኑ የሚቆጥረው ስንት ጊዜ እንዳዘነበለ ነው። አንዱ ድፊት እንደ ዕቃው 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለካፊያ ደኅና ይሠራል። ዶፍ ሲመጣ ግን ጽዋው በሚያዘነብልባት ቅጽበት የሚገባው ውሃ ሳይቆጠር ያመልጣል። በረዶ ከጣለ ደግሞ አፉ ላይ ይቆለልና ዝናቡ ካባራ በኋላ ቀስ እያለ ሲቀልጥ ይቆጠራል። የባህር ዛፍ ቅጠል ከደፈነው ወይም ሸረሪት ካደራችበት ጨርሶ አይቆጥርም። የሚያናድደው፣ ሲደፈንም ስክሪኑ ላይ የሚጽፈው ዜሮ መሆኑ ነው። ያልዘነበ ቀን ይመስላል።

ስለዚህ ከማሽኑ ጎን አንድ የእጅ መለኪያ ያስቀምጡ። ይህን ምክር ለሁሉም እሰጣለሁ፤ ብዙ ሰው ግን ንቆ ያልፈዋል። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አፉ ክብ የሆነ ጠንካራ ባልዲ ወይም ጣሳ ይፈልጉ። ውሃውን አውጥተን በሲሪንጅ ስለምንለካው፣ ወደ ታች ቢጠብም ቢሰፋም ግድ የለም፤ የሚቆጠረው አፉ ብቻ ነው። ጥልቅ ይሁን፣ ጠብታው ነጥሮ እንዳይወጣ። የአፉን ወርድ (ዲያሜትሩን) ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ በማስመሪያ ይለኩ። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ለክተው ሁለቱ እኩል ከመጡ ክብነቱ አስተማማኝ ነው።

16 ሴንቲ ሜትር ካገኙ ዕድለኛ ነዎት። የአፉ ስፋት 201 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እዚያች አፍ ላይ ሲሰላ 20 ሚሊ ሊትር ይመጣል። እንግዲህ ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ 20 ሲሪንጅ አንዴ ሲሞላ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። 2 ሚሊ ሊትር ደግሞ 0.1 ሚሊ ሜትር። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት አርባ ጊዜ ሲሪንጅ መሳብ ይሰለቻል። ለዚያ ቀን የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያዘጋጁ። በሲሪንጁ 25 ጊዜ ውሃ ይጨምሩበትና ውሃው የቆመበት ላይ በማርከር ያስምሩ። እስከ መስመሩ የሞላ ሃይላንድ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። የተረፈውን በሲሪንጅ ይጨርሱ። አፉ ከ16 ከሰፋ ወይም ከጠበበ ስሌቱን ለተማሪዎች ይስጧቸው። ከዚህ የተሻለ የክብ ስፋት ጥያቄ ከመጽሐፍ አያገኙም።

በረዶ የጣለ ቀን ልኬቱ ትንሽ ዘዴ ይፈልጋል። ጨርሶ እስኪቀልጥ ካልጠበቁ፣ መጠኑን የሚያውቁት ሞቅ ያለ ውሃ ባልዲው ውስጥ ይጨምሩ። ቀልጦ ሲያልቅ ሁሉንም ለክተው የጨመሩትን ይቀንሱ። ባልዲው ከእንጨት ላይ በደንብ ይታሰር። ዶሮ ይጠጣበታል፣ የሰፈር ልጆችም "እንርዳው" ብለው ውሃ ይሞሉበታል።

ማሽኑን ለመፈተን ደግሞ ዝናብ መጠበቅ አያስፈልግም። ለምሳሌ የዝናብ መቀበያው አፍ 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 113 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 226 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢያፈሱበት 20 ሚሊ ሜትር ማለት አለበት። በአንድ ጊዜ አይድፉት። ሃይላንዱን ክዳኑ ላይ በመርፌ በስተው፣ አናቱንም ለአየር ቀዳዳ ሰጥተው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ጠብ ጠብ ያድርጉት። 17 ካለ ቁጥሩን በ1.18 ማባዛት እንዳለብዎት አወቁ። ይህን ክረምት ከመግባቱ በፊት አንዴ፣ መካከል ላይ አንዴ ቢያደርጉት ይበቃል።

"የእነሱ ዝናብ እኔ ጋ በማግስቱ ይመጣል" ያሉት የሰዓት ነገር ነው። የአገራችን ጣቢያዎች ዝናብ የሚያነቡት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ቀናቸው ከ3 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው። የእርስዎ ስክሪን ግን እኩለ ሌሊት ላይ አጥፍቶ ከዜሮ ይጀምራል። ዝናቡ ሐምሌ 14 ማታ 4 ሰዓት ጀምሮ ሌሊት 9 ሰዓት አባራ እንበል። ስክሪኑ ለሁለት ቀን ያካፍለዋል። ጣቢያው ሐምሌ 15 ጠዋት በአንድ ንባብ ይይዘዋል። መላው እርስዎም ጠዋት 3 ሰዓት ማንበብ ነው። ባነበቡበት ቀን ስም ይጻፉት፤ ይህንንም ደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍሩ። ከጣቢያው ጋር ሲያነጻጽሩ እነሱ በየትኛው ቀን ስም እንደሚጽፉት ይጠይቁ። በስተ ሰሜን ባሕር ዳር ያሉ ወዳጆች ካሉዎት ይህ ነገር ከእርስዎ ይልቅ እነሱን ይመለከታል። እዚያ የክረምቱ ዝናብ ሌሊት ይበዛል። ማታ ከተራራው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ጣና ላይ ካለው ሞቃት አየር ጋር ሲገናኝ ደመናው ይነሣል። እናንተ ጋ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ግን ፀሐይ ተዳፋቱን አሙቃ ከቀትር በኋላ ታዘንባለች።

የስክሪኑን ሰዓትም ይመልከቱ። ጠዋት 3 ሰዓት እሱ ላይ 9:00 ነው። ከአሜሪካ እንደመጣ የሰዓት ክልሉ የዚያው ሊሆን ይችላል፤ መለኪያውም ኢንችና ፋራናይት ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ያስተካክሉ። ደብተሩ ላይ "ጠዋት 3 ሰዓት (9:00)" ብለው በሁለቱም ይጻፉ። ካልሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ ፋይሉንና ደብተሩን የሚያስታርቅ ሰው አይገኝም።

የወሩ ነገር ከዚህ የባሰ ያሳስታል። የሜትሮሎጂ ቁጥር የሚደመረው በፈረንጅ ወር ነው፤ በአማርኛ ሲነገር ግን ጁላይን ሐምሌ ብለው ያልፉታል። ጁላይ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነው። ኦገስት ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 25። በክረምት አንድ ሳምንት ማለት ብዙ ውሃ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ይጻፉ። ድምሩን ሲፈልጉ በፈለጉት ወር ያወጡታል። ለግምት እንዲሆንዎት፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የጁላይም የኦገስትም የብዙ ዓመት አማካይ እያንዳንዱ 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የዓመቱ ደግሞ ወደ 1,300። የእርስዎ ማሽን በጁላይ 120 ብሎ ካቆመና ሰማዩ እንደ ወትሮው ከነበረ፣ ከሰማዩ በፊት ማሽኑን ይጠርጥሩ።

በቀን በቀን ከጣቢያው ጋር መጣላት ግን ይተዉ። የክረምት ዝናብ አንዱን ቀበሌ አጥቦ ሌላውን በብራ ያልፋል። ሁለት መለኪያዎች በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ቀን ላይ ሰፊ ልዩነት ቢያሳዩ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። በአስር አስር ቀን ደምረው ያነጻጽሩ። በአስር ቀኑ ድምር ሁልጊዜ እርስዎ ብቻ የሚያንሱ ከሆነ ያኔ ችግር አለ።

ወደ ፀሐይዋ ሥዕል ልምጣ። ስክሪኑ ትንበያ የሚመስለውን ሥዕል የሚሥለው የአየር ግፊት መውጣት መውረዱን እያየ ነው። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ላይ ግፊት በጥቂት ሰዓት 3 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ከወረደ ማዕበል እየመጣ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ግፊት ዝናብ ኖረም አልኖረም በየቀኑ ሁለቴ ይወጣል፣ ሁለቴ ይወርዳል። ጫፉ ጠዋት 4 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ዝቅታው ከቀኑ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያው 3 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። ዝናባችንን የሚያመጣው ደመና ደግሞ እዚያው ተነሥቶ እዚያው የሚወርድ ነው፤ በግፊቱ ላይ ብዙም አሻራ የለውም። እንግዲህ ሥዕሉ የሚከተለው የቀኑን ሰዓት እንጂ ዝናቡን አይደለም። ይርሱት። ሊያጠፉት ከቻሉ ያጥፉት።

ቁጥሩ ራሱ ግን ለክፍል ደስ ይላል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ስለሆነች ትክክለኛው ግፊት 755 አካባቢ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ሆና ወደ 815 ታነባለች። ስክሪኑ 1,013 አካባቢ ካለ ወደ ባሕር ወለል ቀይሮ እያሳየዎት ነው። ያልተቀየረውን ይመዝግቡ። ተማሪዎቹ አንድ ቀን ሙሉ በየሰዓቱ ጽፈው በግራፍ ቢሥሉት ሁለቱን ጉብታ በዓይናቸው ያያሉ።

33 ዲግሪው ደግሞ የቆርቆሮው ሙቀት ነው። በሐምሌ ደብረ ማርቆስ ላይ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሙቀት መለኪያውን ከሣር በላይ ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ያኑሩ። እዚህ ላይ መመሪያውን እንዳያምኑ። ብዙዎቹ "በስተ ሰሜን ባለው ግድግዳ ላይ ይስቀሉ" ይላሉ። ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ልክ ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ወደ ሰሜን ያለነው። ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው ከአናታችን በስተ ሰሜን ነው። አብዛኛውን ክረምት ደመናው በተገለጠ ቁጥር የሰሜኑ ግድግዳ ይመታል። ከግድግዳ ይልቅ ነጭ የላስቲክ ሰሃኖች ገዝተው ይድፏቸው፤ በመካከላቸው ሁለት ጣት ክፍተት እየተዉ በረጅም ብሎን ያያይዟቸው። የመካከለኞቹን ሰሃኖች ሆድ ቆርጠው መለኪያውን እዚያ ያስገቡ። አየር ያልፋል፣ ፀሐይና ዝናብ አይገባም።

እርጥበቱ ክረምቱን ሙሉ 99 ላይ ተቸክሎ ካዩ አይደንግጡ። ርካሽ ሴንሰር ሲጠግብ እንዲህ ነው። ነፋሱ በግቢ ውስጥ ፍጥነቱ አይታመንም፤ አቅጣጫው ግን ይጻፍ። በክረምት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ መስከረም አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲዞር ያዩታል።

ስለ ደብተሩ። በእርሳስ ይጻፉ፤ እስክሪብቶ ሲረጥብ ይጨማለቃል። ማሽኑ መረጃ ያስቀምጣል ብለው አይመኑ። መብራት ይጠፋል፣ የፀሐይ ባትሪው በሐምሌ ደመና አይሞላም፣ ስክሪኑ ያለፈውን ይረሳል። ያልዘነበ ቀን 0 ይጻፉ። ያልተነበበ ቀን ሰረዝ ይጻፉ። ጠብ ጠብ ብሎ በሲሪንጅ የማይለካ ከሆነ "ጠብታ" ይበሉ። ሦስቱ በጭራሽ አይቀላቀሉ። ከባዱን ሥራ የሚያበላሸው ይሄ ነው። ሰው ሰረዝ ማድረግ ያፍርና ዜሮ ይጽፋል፤ በኋላ ቁጥሩን የሚያይ ሰው ድርቅ ያገኘ ይመስለዋል። ከቁጥሩ ጎን ባዶ መስመር ትተው ያዩትን ይጻፉ፦ ካፊያ ነው ዶፍ፣ ስንት ሰዓት ጀመረ፣ በረዶ ነበረበት ወይ፣ ጭጋጉ መቼ ተነሣ። እነዚህን ማሽኑ አያውቃቸውም።

አንድ የማይታለፍ ነገር። ነጎድጓድ እያለ 3 ሰዓት ቢሞላም ማንም አይውጣ። የብረት ምሰሶ አጠገብ ተማሪ መላክ አይታሰብም። ሲያልፍ ያንብቡና ያነበቡበትን ሰዓት ይጻፉ።

"የእኛ ደብተር ለማን ይረባል?" ካሉ ጎረቤታችሁን ዳንግላን ልጥቀስ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳንግላ ወረዳ ገበሬዎች ራሳቸው ዝናብን፣ የወንዝ ከፍታንና የጉድጓድ ውሃን በእጅ እየለኩ መዝግበዋል። ተመራማሪዎች ቁጥሮቹን ከመደበኛ ጣቢያ መረጃ ጋር ሲያስተያዩዋቸው ጥራታቸው የሚያስተማምን ሆኖ አግኝተዋቸዋል። የተጠቀሙበት ዕቃ ቀላል ነው። ንባቡ ግን በየቀኑ ነበር።

ለተማሪዎቹ ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። "ቡሄ ካለ የለም ክረምት" ይባላል አይደል? ይፈተን። ከነሐሴ 13 በፊት ያሉትን 30 ቀናትና ከነሐሴ 13 ጀምሮ ያሉትን 30 ቀናት ይደምሩ፤ ጳጉሜን ሳይረሱ። የእኔ ግምት ጎጃም ላይ ከቡሄ በኋላም ብዙ ውሃ ይገኛል የሚል ነው። ሴፕቴምበር እዚያ ደረቅ ወር አይደለም። ምናልባት የሚቀንሰው የዝናቡ መጠን ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ማጨፍገጉ ይሆናል። ለዚህም ነው ሰዓቱን ጭምር ጻፉ ያልኩት።

ለፍልሰታ ወይም ለአዲስ ዓመት ገጠር ሄደው ሦስት ቀን ቢቀሩ ባልዲው ይጠብቅዎታል። ሲመለሱ ሁሉንም በአንድ ላይ ለክተው በተመለሱበት ቀን ይጻፉ፤ ሦስቱን ቀን በቅንፍ ያያይዟቸው። ለሦስት አያካፍሉት። ማሽኑ በእነዚያ ቀናት ሠርቶ ከሆነ ክፍፍሉን ከእሱ እናወጣዋለን፤ ድምሩን ግን ከባልዲው እንወስዳለን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የአስር ቀን ድምሮች፣ የባልዲውንም የማሽኑንም፣ ከአፋቸው ወርድ ጋር ቢልኩልኝ ማሽኑ በስንት መባዛት እንዳለበት አብረን እናሰላዋለን።